ወለላ ሸራ ልትመርጥ ላንጋኖ የወረደች ጊዜ

ወለላ ያሲንን ነቀምቴ የሚያውቃት በሰርግ ነው። ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ከእኔ ፀጉር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ የዲኮር ሱቅ አላት። እሷ አዳራሹን ታስውባለች፣ እኔ ሙሽራዋን፤ በሰርግ ወራት ከባሎቻችን ይልቅ እርስ በርሳችን እንተያያለን። ትልቅ ሴት ናት፣ በሁሉም ነገር ትልቅ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም ነው፤ ሳቋ ደግሞ ግድግዳውን አልፎ መጥቶ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡ ደንበኞቼን ምን ሆነች ያሰኛቸዋል።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አንገር ጉትን ከሰፈሩት ናቸው፤ እሷም የተወለደችው እዚያው ነው። እናቷ ውሃ አጥብቃ ስለምትፈራ ልጆቿን ወደ ወንዝ አታስጠጋም ነበር። ወለላ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየጠፋች አንገር ወንዝ ውስጥ ዋና ለመደች፤ ፀጉሯ ሳይደርቅ ቤት እየገባች ስትገረፍ አደገች። አማርኛዋ እስካሁን የወሎ ነው። ስትደነግጥና ስትደሰት ግን ኦሮምኛ ነው የሚቀድማት፤ ድንጋጤንም ደስታንም የተማረችው ወንዙ ውስጥ ስለሆነ ይመስለኛል።

ካቻምና አንድ የነቀምቴ ነጋዴ ልጁን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር በሚገኝ ሎጅ ሊድር ተነሳ። ዲኮሩን ለወለላ፣ ፀጉሩን ለእኔ ሰጠንና ዕቃችንን በኦቦ ጋሩማ አይሱዙ ጭነን ወረድን። ኦቦ ጋሩማ የወለላን ቅስትና መጋረጃ ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረ፣ ከሚናገረው የሚያፏጨው የሚበዛ ሹፌር ነው። ሰርጉ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ዕቃ ስንሰበስብ ወለላን ባጣት ጊዜ ሐይቁ ዳር ቆማ አገኘኋት። አንድ ሰው ጠፍጣፋ ቦርድ ላይ ቆሞ፣ ሸራ በሁለት እጁ ይዞ፣ ያለ ሞተርና ያለ መቅዘፊያ በነፋስ ብቻ ውሃው ላይ ይሄዳል። እሷ አፏን ከፍታ ታየዋለች።

ሰውየው ቂርቆስ ይባላል። የሎጁን ጀልባዎች ይጠብቃል፣ እንግዶችንም ዊንድሰርፊንግ ያስተምራል። ወለላ ልሞክረው አለችው። እሱም ከላይ እስከ ታች አይቷት የሚበቃ ላይፍ ጃኬት ፍለጋ ገባ። ከዚያ በኋላ ያየሁት መውደቅ ብቻ ነው። ወደፊት ወደቀች፣ ወደኋላ ወደቀች፣ ሸራው ላይዋ ላይ ወደቀ። በወደቀች ቁጥር ሳቋ ከውሃው ቀድሟት ይወጣል። ወደ ማምሻው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ነፋሱ ሸራዋን ሞላውና ከዳሩ እስከ ጀልባዎቹ ማሰሪያ ድረስ ወሰዳት። ያን ያህል ነው የሄደችው። ስትመለስ ዓይኖቿ የሌላ ሰው ሆነው ነበር።

ሎጁ ሊጥለው ያወጣው አንድ አሮጌ ቦርድ ከነምሰሶውና ከነሸራው መጋዘን ጥግ ተጋድሞ ኖሯል። ወለላ የሎጁን የተቀደዱ የፀሐይ ጥላዎች በሙሉ በራሷ የስፌት መኪና ሰፍታ ሰጠቻቸውና ቦርዱን ወሰደች። ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ኬላ ላይ አንድ ጥበቃ ይሄ ምንድን ነው ብሎ ቦርዱን ሲያንኳኳ ኦቦ ጋሩማ ፉጨቱን አቋርጦ የሙሽራ ዕቃ ነው አለው። ጥበቃው መረቀን።

ባሏ ኢስማኢል ዕቃውን ግቢው ውስጥ ባየ ጊዜ ሳይነካው ዙሪያውን ዞረው። ኢስማኢል የባጃጅ መለዋወጫ ሻጭ ነው። ጥንቁቅ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ የዝናብ ውሃ እንኳ ዘሎ የሚያልፍ ሰው። እንደ ወለላ እናት ሁሉ እሱም ውሃ አይወድም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ሰርግ በሌለበት ሰኞ፣ ፊንጫ ግድብ ሐይቅ ድረስ ከእኔ ጋር አብሯት ሄደና ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። እኔ የማየውን ለእሱ እናገራለሁ። ቆመች? ቆማለች። አሁንስ? ወድቃለች። እንዲህ ስንል ዋልን።

ዓመቱን ሙሉ በየሰኞው ስትሄድ ሰነበተች። ከመውደቅ ወጣች፤ መታጠፍ ቻለች፤ ከሁሉም በላይ ከተነሳችበት ቦታ መመለስ ቻለች። እዚያ ላይ ግን ተቸከለች። አሮጌው ሸራ ትልቅና የላላ ነው። ጠዋት ነፋሱ ለስለስ ሲል ይሸከማታል፤ ከሰዓት በኋላ ሲጠነክር ግን ሆዱን ነፍቶ ከእጇ ይነጥቃታል፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ ለማንሳት እንደ ሞተ በሬ ይከብዳል። ሁለተኛው ችግር ፊኑ ነበር። ፊን የሚሉት ከቦርዱ ሆድ በታች ከወደኋላ የሚሰካው፣ የዓሣ ክንፍ የመሰለው ነገር ነው፤ ቦርዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። የእሷ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። የፊንጫ ሐይቅ ደግሞ ሣር ይበዛበታል፣ ከላይ የሚንሳፈፈውም ከሥር የሚያድገውም። ሣሩ ፊኑ ላይ ይጠመጠማል፣ ቦርዱ ቀጥ ይላል፣ ወለላ ግን መንገዷን ትቀጥላለች፣ በአየር።

ለቂርቆስ ደወለችለት። እሱም ቦርዱን እንዳትቀይር፣ መቀየር ያለባት ሸራውንና ፊኑን ብቻ እንደሆነ ነገራት። ላንጋኖ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን እንዲሸጥለት ትቶለት ሄዷል፤ አዲስ የመግዛት አቅም ለሌለው ጥሩ ነገር አለ፤ ነገር ግን በፎቶ አትግዢ፣ መጥተሽ ነክተሽ ምረጪ አላት። ይህን ካለ በኋላ ፎቶውን ላከ።

ፎቶው ላይ ሁለት ሸራ ነበር። አንደኛው ቀይ ነው፤ ግማሹ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሙሽራ ሊያሳፍር የሚችል። ሁለተኛው ሰማያዊና ቢጫ ነበር ድሮ፤ አሁን የደበዘዘና ሁለት ቦታ የተጣፈ ነው። ወለላ የትኛውን እንደምትወድ መገመት ቀላል ነበር፤ ሥራዋ ማስዋብ ነው። የሚገርመው ኢስማኢል ነው። ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ እያሰፋ ቀዩን አየ። እንደገና አየ። ከዚያም አታልለው እንዳይሸጡላት አብሬያት እሄዳለሁ አለ። እኔን ደግሞ መንገድ ላይ እንዳስታርቃቸው ይዘውኝ ሄዱ።

ወለላ አሮጌውን ፊን በቦርሳዋ ይዛ ነበር፤ አዲሱ ፊን ቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን የምታውቀው አጠገቡ አድርጋ ስታየው ብቻ ነው። አንድ ፍተሻ ላይ ወጣቷ ፈታሽ ቦርሳውን ከፍታ ያንን ረጅምና ስለታም ጥቁር ነገር መዝዛ አወጣች። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወለላ ደንግጣ በኦሮምኛ የዓሣ ክንፍ ነው አለቻት። ፈታሿ ከክንፉ ወደ ወለላ፣ ከወለላ ወደ ክንፉ አየችና ዓሣውስ ምን ያህል ነበር አለች። ተሳፋሪው ገባበት። አንዱ እንዲህ ዓይነት ዓሣ ዴዴሳ ውስጥ አለ አለ፤ ሌላው የለም ብሎ ማለ። ክርክሩ ሳያልቅ አለፍን፤ ሰበታ እስክንደርስም አላለቀም።

ላንጋኖ ስንደርስ ቂርቆስ ሁለቱንም ሸራዎች ሣር ላይ ዘርግቶ ጠበቀን። ቀዩ ከፎቶው ይብስ ያምር ነበር። ኢስማኢል ዞረው፣ ተንበረከከ፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ኦርጅናል ነው ወይ ብሎም ጠየቀ። ወለላ ግን ወደ ስፌቱ ነበር የሄደችው። ጨርቅ ስትገዛ እንደምታደርገው ጠርዙን በጥፍሯ እየጫረች ክሩ መላላቱን አየች፤ የሚያሳየውን ክፍል በሁለት ጣቷ እጥፍ አድርጋ ለፀሐይ ያዘችው። ቀዩ ላይ እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኖ ቀረ። ፀሐይ አድርቆታል ማለት ነው፤ ቂርቆስም አልደበቃትም፣ ከሁለት ክረምት በላይ አይሄድም አላት። የተጣፈው አንድም መስመር አልያዘም። መጣፊያዎቹንም ገልብጣ አየቻቸው፤ በድርብ የተሰፉ ናቸው። ማን እንደሰፋቸው ባላውቅም እጁ ይባረክ አለች።

ከዚያ ቂርቆስ ቤት ያለው ምሰሶሽ ምን ያህል ነው ሲል ጠየቃት። ነገረችው። ቀዩ ስምንት ሜትር ካሬ ነው፤ የእሷ ምሰሶ ያጥርበታል፣ የሚያዝበት እጀታም ሌላ ይፈልጋል። የተጣፈው አምስት ተኩል ነው፤ ባላት ምሰሶና ባላት እጀታ ይቆማል። ኢስማኢል ይህን ሲሰማ ምሰሶ ይገዛል አለ። ወለላ ዞር ብላ አየችው። ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለሐይቅ ሰጥቶ የኖረ ሰው ምሰሶ ይገዛል ሲል እኔም ዞሬ አየሁት። ቂርቆስ ብቻ ሳይገረም በሎጁ ቦርድ ሁለቱንም ትሞክራቸው፣ ነፋሱ አሁን ጥሩ ነው አለ።

በቀዩ ጀመረች። ከዳሩ ስትለቅ ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር። ፀሐይዋ በሸራው አልፋ ውሃውን አቀላችው። ኢስማኢል ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ይላል። ወለላ ሄደች። እንደገና ሄደች። አነሰች። የምትመለስበትን ቦታ አልፋ ሄደች። ከዚያ ቀዩ ነገር ዘንበል ብሎ ውሃው ላይ ተኛ፤ ልታነሳው ትሞክራለች፣ ይነሳና መልሶ ይጥላታል። ኢስማኢል መቅረጹን ተወ። ቂርቆስ ቀስ ብሎ ወደ ሞተር ጀልባው ሄደ፤ ሲሄድ ሰዓቱን አየና ከገመትኩት ቆይታለች አለ።

ጎትቶ ሲያመጣት ጀልባው ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ እየሳቀች ነበር። ሳቁን ከሩቅ ሰማነው። ውሃ ጠጣች፣ ትንሽ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና የተጣፈውን አንሺ አለችኝ። በአንድ እጄ አነሳሁት፤ ያን ያህል ቀላል ነበር።

ነፋሱ ከቅድሙ ጠንክሯል፤ ሐይቁ ላይ ነጫጭ አረፋ ይታያል። ወለላ ሸራውን ሞላችው፣ ወደኋላ ተደገፈች፣ አንድ እግሯን ወደኋላ ሳበች። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ቦርዱ ውሃውን እየገፋ ሄደ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የቦርዱ አፍንጫ ከፍ አለ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሆነ፣ ወለላም ውሃውን መግፋት ትታ ላዩ ላይ መንሸራተት ጀመረች። ወጣትም ቀጭንም ያልሆነች፣ የአራት ልጆች እናት፣ የነቀምቴ ዲኮረኛ፣ እንደተወረወረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሐይቁን እየነካካች በረረች። የምትጮኸው ኦሮምኛ ነበር። ምን እንደምትል አልለየሁትም፤ ቃል መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ እየዘለልኩ እንደነበር ያወቅሁት ነጠላዬ ጭቃ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

ታጠፈች። ተመለሰች። ከተነሳችበት ቦታ፣ ከኢስማኢል ጫማ ፊት ለፊት፣ ቆመች።

ኢስማኢል ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ ቀዩ አንዴ አየ፤ እንደ ተጣላ ዘመድ ነው ያየው።

«ቀዩን ተይው ወለልዬ» አላት። «ያ ይወስድሻል፤ ይሄ ግን ይመልስሻል።»

ወለላ እርጥብ እንደሆነች አቀፈችው፤ የተተኮሰው ሸሚዙ አበቃለት።

ፊኑ ቀረ። ቂርቆስ አንድ ካርቶን ሙሉ ፊን አመጣ። ወለላ አሮጌውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሥሩን እያስጠጋች የማይገጥሙትን ጣለች፤ ሁለት ቀሩ። አንዱ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ረጅም ነው። ሌላው አጭርና እንደ ማጭድ ወደኋላ የተቀለበሰ ነው። ቂርቆስ ረጅሙ ከትልቅ ሸራ ጋር ነው የሚሄደው፣ ለትንሽ ሸራ አጭሩ ይበቃል አለ፤ ሣር ላለበት ውሃም የተቀለበሰው እንደሚሻል ሰምቻለሁ፣ ግን እዚህ ሣር ስለሌለ ልምዱ የለኝም ብሎ እውነቱን ተናገረ።

ስለዚህ ራሳችን ሞከርነው። እኔ ከሐይቁ ዳር ረጃጅም ሣር ነቅዬ ሁለቱን ጫፎች ይዤ ውሃ ውስጥ ወጠርኩት። ፊኑን የሚጎትት ሰው አስፈለገ፤ ወለላ እጆቿ ደክመዋል፣ ቂርቆስ እንግዳ መጥቶበት ሄዷል። ኢስማኢል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ቀጥ ያለውን ፊን ሣሩ ላይ ጎተተው፤ ሣሩ ተጠመጠመ፣ እኔም ከነሣሩ ተጎተትኩ። የተቀለበሰውን ጎተተው፤ ሣሩ በጀርባው ተንሸራትቶ አለፈ። አላመነም፤ ደገመው። ሦስተኛ ሲል ወለላ ዳር ተቀምጣ ይበቃል አለችው። እሱ ግን አልበቃውም፤ ወገቡ ድረስ መግባቱንም ልብ አላለም። እኛም አልነገርነውም።

የተጣፈውን ሸራና የተቀለበሰውን ፊን ይዘን ተመለስን። ዋጋው ወለላ ከፈራችው በታች ስለነበር በተረፈው ለራሷ ጓንት ገዛች።

በቀጣዩ ሰኞ ኦቦ ጋሩማ ሁላችንንም ፊንጫ አወረደን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ወለላ ወጣች። ሣሩ መሐል ስትገባ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ኦቦ ጋሩማ እንኳ ፉጨቱን አቆመ። አለፈችው። ቦርዱ አልቆመም፣ እሷም በአየር አልሄደችም። ሣሩን አልፋ ክፍቱ ውሃ ላይ ስትደርስ ሸራው ሞላ፣ አፍንጫው ከፍ አለ፣ ያ የጨርቅ መቀደድ ድምፅ እስከ እኛ መጣ። ኢስማኢል በዳሩ መሮጥ ጀመረ። ወዴት እንደሚሮጥ አላወቀም፣ ብቻ ሮጠ።

ወለላ ሐይቁን ቆርጣ ማዶ ደረሰች። እዚያ ስትደርስ ነፋሱ ቀጥ አለ። አንድም ቅጠል አይንቀሳቀስም። ማዶ ላይ ሸራዋን እያውለበለበች ትታየናለች፤ ትመለስ ዘንድ ግን የሚነፍስ ነገር የለም። ቢደወልላት ስልኳ ኢስማኢል ኪስ ውስጥ ጮኸ። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ገብተን ሐይቁን በጠጠሩ መንገድ ዞርነው።

ስንደርስ ከአንድ ጎጆ ደጅ ከሦስት ሴቶች ጋር ተቀምጣ የተቀቀለ በቆሎ ትበላለች። ሴቶቹ ከውሃው ስትወጣ ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ ብለው ነው የተቀበሏት። በዕድሜ የምትበልጠው አዴ ጨልቱ ትባላለች። ባልሽ የት አለ ብላ ስትጠይቃት ወለላ በመኪና እየመጣ ነው ብላ መልሳለች፤ አዴ ጨልቱም እሱ በመኪና አንቺ በሰሌዳ፣ እንዲህ ያለ ትዳር አላየሁም ብላ ስታስቅ ቆይታለች። ለእኛም በቆሎ ሰጡን።

ኢስማኢል በቆሎውን አልነካም። ቦርዱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ነፋሱ በትንሹ መመለስ ሲጀምር ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲዎቹን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ሰዓቱን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንዴ ብቻ» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ወለላ ላይፍ ጃኬቷን አለበሰችው፤ ሁለት እሱን የሚይዝ ጃኬት። ዋና የማይችል ስለሆነ ወገብ ከሚደርስ ውሃ እንዳያልፍ አስማለችውና ቦርዱን ከኋላ ያዘችለት። ቆመ። እውነቱን ለመናገር ከእሷ የመጀመሪያ ቀን በተሻለ ቆመ። ሸራውን አነሳ፣ ነፋሱ ሞላው፣ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ሄደ። ፊቱ ላይ ያየሁትን በየትኛውም ሙሽራ ፊት ላይ አላየሁትም። ከዚያ ከነሸራው ወደኋላ ሄደ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ፤ ወለላ ከውሃው በአንድ ክንዷ አወጣችው፤ እሱም ውሃ እየተፋ ነፋሱ ከግራ መምጣቱን ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ይወቅሳት ጀመር፣ እንደ ነባር ባለሙያ። ደግሞ ወጣ። ደግሞ ወደቀ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል አንዴ ብቻ ሲል ዋለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሲሬ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ኢስማኢል ከፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ረጥቧል፤ የተቀመጠበት ወንበር ሥር ኩሬ ተፈጥሯል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ፌኔት ብርጭቆዎቹን እያስቀመጠች ሰማዩን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ከመጣችሁበት ዘንቦ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

ኢስማኢል ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ፈገግ አለ።

«ዘንቧል» አላት፤ «በእኔ ላይ ብቻ።»